አቤት ባዮቹ ተጫዋቾች

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት ሰብሰብ ብለው ስልክ ላይ ይጫወታሉ። አንደኛው ተናዷል። የሚወደው መሣሪያ በአዲሱ አፕዴት ጉልበቱ ተቀንሶበት ነው። «ጽፌላቸው ነበር፣ ግን ማን ሰምቶኝ!» ይላል። ጓደኛው «አንተን ብለው ነው ጌሙን የሚቀይሩት?» እያለ ይስቅበታል። ልጁ ወደ እኔ ዞረና «ቲቸር፣ ግን እነዚህ ሰዎች ተጫዋች ሲያማርር ሰምተው ያውቃሉ?» አለኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ጌም ላይ እጄም አይፈታ። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ሕዝብ ሲያጉረመርም ባለሥልጣን ምን ያደርጋል? ይሄን እኮ ነው ዓመቱን ሙሉ የምናስተምረው። ቅዳሜና እሁድን ስለዚሁ ሳነብ ዋልኩ። ያገኘሁትን ለእሱ ከነገርኩት በኋላ ለእናንተም ላካፍላችሁ አልኩ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ገበጣ ወይም ዳማ ገዝታችሁ ቤት ብትወስዱ የእናንተ ነው፤ ሠሪው ማታ መጥቶ ሕጉን አይቀይርባችሁም። የኦንላይን ጌም ግን ያለው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ተኝታችሁ ስትነሱ ዋጋው፣ መሣሪያው፣ አገሩ ሁሉ ተለውጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሕግ አውጪው ኩባንያው ነው፣ ዳኛውም እሱ፣ ፖሊሱም እሱ። ተጫዋቹ በበኩሉ በየወሩ ይከፍላል፣ ዓመታት ያፈሰሰበት ንብረትና ጓደኛም እዚያው ነው ያለው። ስለዚህ ቅሬታው ዕቃ ተበላሸብኝ ከሚል ገዢ ይልቅ «አቤት!» ከሚል ባላገር ጋር ይመሳሰላል።

ከጥንት ልጀምር። ለኢንተርኔት ጥንት ማለት 1990ዎቹ ናቸው። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረ ፓቬል ከርቲስ የሚባል ሰው «ላምዳሙ» የተባለ ዓለም ከፈተ። ሥዕል የለውም፤ ቤቱም መንገዱም ሰዉም በጽሑፍ ነው። አስተዳዳሪዎቹ «ጠንቋዮች» ይባሉ ነበር። ሰው ሲበዛ ጠብም በዛ፤ ክሱ ሁሉ ወደ ጠንቋዮቹ ይጎርፍ ጀመር። በ1992 መጨረሻ ላይ ከርቲስ ሰለቸውና አዋጅ አወጣ፦ ከእንግዲህ ማሽኑን እንጠብቃለን እንጂ በእናንተ ጠብ አንገባም አለ።

ወራት ሳይቆይ አንድ ተጫዋች ሌሎችን ሰው ፊት በጽሑፍ፣ በጾታዊ ጥቃት መልክ አዋረደ። ዳኛ የለም። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ መቋጫ አጡ። በመጨረሻ አንዱ ጠንቋይ ለብቻው ወስኖ አጥፊውን ከዓለሙ አስወገደው። ከርቲስ ከዚህ በኋላ ነው የፊርማ ማሰባሰቢያና የድምፅ መስጫ ሥርዓት የዘረጋው፤ ሕዝቡ በድምፅ የወሰነውን ጠንቋዮቹ ይፈጽማሉ ተባለ። ጥሩ ይመስላል አይደል? በ1996 ግን ጠንቋዮቹ «የማሽን ሥራና የሰው ጉዳይ ሊለያዩልን አልቻሉም» በሚል ምክንያት ሥልጣኑን መልሰው ያዙ። ችግሩ ሁሉ እዚህች ትንሽ ዓለም ውስጥ አለ። ባለቤቱ አልዳኝም ቢልም ባለቤትነቱ ይከተለዋል።

በ1997 የተከፈተው አልቲማ ኦንላይን ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ብልሽትና መንቀራፈፍ ያስመረራቸው ተጫዋቾች ገጸ ባሕሪዎቻቸውን ራቁታቸውን አድርገው የጌሙ ንጉሥ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሰልፍ ወጡ። ትልቁ ቅሬታ ግን የገዳዮችና የሰላማውያን ነበር። አንዱ ወገን «መንገድ ላይ እየተገደልን እየተዘረፍን ነው» ይላል፤ ሌላው «አደጋ ከሌለ ምኑን ጌም ሆነ?» ይላል። ሠሪዎቹ በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ግማሽ ያለ ስምምነት መገዳደል የተከለከለበት፣ ሌላው እንደ ድሮው። ይሄው ዛሬም ድረስ ነፍሱን አጠፉት የሚል አለ፣ አዳኑት የሚልም አለ። ሁለት አቤቱታ ሲጋጭ ሁለቱንም መስማት እንዲህ ከባድ ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንሂድ። ካምብሪጅ ውስጥ ጄጌክስ የሚባል ኩባንያ አለ፤ በ2001 ሩንስኬፕ የተባለውን ጌም አወጣ። ጌሙን የጌም ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ወረሩት፤ ብዙዎቹም የአባልነት ክፍያውን በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ ይፈጽሙ ነበር። ለኩባንያው የህልውና ጉዳይ ሆነ። በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ከባድ ውሳኔ ወሰነ፦ ተጫዋቾች እንደፈለጉ የሚገበያዩበትን ነፃ ንግድ ገደበው፣ እርስ በርስ የሚዋጉበትን በረሃም ዘጋው። ሌባውን ለመያዝ ገበያውን በሙሉ መዝጋት ማለት ነው። ተጫዋቹ ጌሙ ውስጥ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ፤ ብዙ ሰውም ጥሎ ሄደ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በ2010 መጨረሻ ጄጌክስ «ይመለስ ወይስ አይመለስ?» ብሎ ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 91 በመቶው «ይመለስ» አለ። በፌብሩዋሪ 1፣ 2011 ተመለሰ።

ኩባንያው ግን ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ስሕተት ደገመው። በኖቬምበር 2012 የውጊያውን ሥርዓት ከሥሩ ቀየረ። የድሮዎቹ ተጫዋቾች «ይሄ የእኛ ጌም አይደለም» ብለው ዳግም መፍለስ ጀመሩ። እዚህ ላይ ጄጌክስ የወሰደውን እርምጃ እኔ ወድጄዋለሁ። ከኦገስት 2007 የተቀመጠ የጌሙ ቅጂ ነበረው። በፌብሩዋሪ 2013 ድምፅ ሲያሰጥ ዋጋውንም አብሮ ተናገረ፦ 50,000 ሰው ቢደግፍ ይህን ያህል አገልግሎት እንሰጣለን፣ 250,000 ቢሆን ይህን፣ 500,000 ከሞላ ይህን፤ ሰው ባነሰ ቁጥር ተጨማሪ ክፍያ ይኖራል። 449,351 ድምፅ ተሰጠ፤ የድሮው ጌም ተከፈተ። አዲስ ነገር የሚገባበትም ከመራጮቹ 75 በመቶ ሲስማማ ብቻ እንዲሆን ተደረገ (ኋላ ወደ 70 ዝቅ ብሏል)። ዛሬ የድሮው ጌም ከአዲሱ ይበልጥ ተጫዋች አለው።

ታዲያ ድምፅ መስጠት ሁሉን ፈታ? አልፈታም። የሚዋጉት ተጫዋቾች ጥቂት ናቸው፤ ለእነሱ የሚጠቅም ሐሳብ ሲቀርብ የማይዋጋው ብዙኃን በእልህ «አይሆንም» እያለ ይጥለው ነበር። ስለ ብዙኃንና አናሳ ክፍል ውስጥ የምንከራከረው ነገር ጌም ውስጥም ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ።

ከሁሉ የደነቀኝ ግን የአይስላንዱ ኩባንያ የሲሲፒ ታሪክ ነው። በ2003 የተከፈተው ኢቭ ኦንላይን የሕዋ ጌም ነው፤ ተጫዋቾች መርከብ ሠርተው፣ ነግደው፣ ኅብረት መሥርተው ይዋጋሉ። በ2007 አንድ የኩባንያው ሠራተኛ፣ እሱ ራሱ ለሚጫወትበት ቡድን ውድ የሆኑ የመሣሪያ ንድፎችን ማስገባቱ ታወቀ። ዳኛው ለአንዱ ወገን ሲጫወት ተገኘ ማለት ነው! ንዴቱ ይታያችሁ።

ኩባንያው የውስጥ ተቆጣጣሪ ክፍል አቋቋመ። ከዚያም አልፎ በ2008 ተጫዋቹ ራሱ በድምፅ የሚመርጠው ምክር ቤት መሠረተ። ያኔ ዘጠኝ ተመራጮች በኩባንያው ወጪ ሬይኪያቪክ ድረስ በአውሮፕላን እየሄዱ ከሠሪዎቹ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር፤ የስብሰባው ቃለ ጉባኤም ለሁሉም ይወጣ ነበር። ምክር ቤቱ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ይጠይቃል፣ ያስጠነቅቃል፣ ይመክራል። «ለስም ነው» ብለው የሳቁበት ብዙ ነበሩ።

ፈተናው በጁን 2011 መጣ። ሲሲፒ ለመርከቦቹ ጥገና ሲጠበቅ ልብስና ጌጥ የሚሸጥ ሱቅ ይዞ ብቅ አለ። አንዲት የዓይን መነጽር፣ ያውም ለአንድ ዓይን ብቻ የምትሆን፣ ወደ 60 ዶላር ተተመነችላቸው። በዚያው ሰሞን የኩባንያው የውስጥ መጽሔት አፈትልኮ ወጣ፤ ስግብግብነት ጥሩ ነው ወይ የሚል ርዕስ ነበረው። የሥራ አስኪያጁ የሂልማር ፔቱርሰን ደብዳቤም ተከተለ፤ ተጫዋቹ የሚለውን ሳይሆን የሚያደርገውን እንይ የሚል መልእክት ነበረው።

ተጫዋቾቹም የሚያደርጉትን አሳዩት። በጌሙ ትልቁ የገበያ ማዕከል፣ ጂታ በሚባለው ቦታ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ተሰልፈው ሐውልቱን ይተኩሱበት ጀመር። ሐውልቱ አይፈርስም፤ እነሱም ያውቃሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ነው ነገሩ። በርካቶች ደግሞ ወርሃዊ ክፍያቸውን አቋረጡ።

ያ የተሳቀበት ምክር ቤት የጠቀመው ያኔ ነው። ኩባንያው ተመራጮቹን በአስቸኳይ ሬይኪያቪክ ጠራቸው። ሁለት ቀን ተነጋገሩና በጋራ መግለጫ ወጡ፤ ኩባንያው በጦርነት የሚያበልጥ መሣሪያ በገንዘብ እንደማይሸጥ አረጋገጠ። በኦክቶበር ሥራ አስኪያጁ በስሙ ይቅርታ ጻፈ። በዚያው ወር ኩባንያው ከሠራተኞቹ ወደ 20 በመቶ የሚሆኑትን አሰናበተ። ይቺን አትለፏት፤ አለቃ ባለመስማቱ እንጀራቸው የተቋረጠው የታች ሠራተኞች ናቸው። በኖቬምበር የወጣው አፕዴት ተጫዋቹ ለዓመታት ሲለምናቸው የነበሩ ጥገናዎች የተሞሉበት ነበር። በ2014 ሲሲፒ ሬይኪያቪክ ወደብ አጠገብ እውነተኛ ሐውልት አቆመ፤ የተጫዋቾቹ ስም ተቀርጾበታል።

የመጨረሻዋ ታሪክ አጭር ናት፤ እኔን ግን ወጋችኝ። በ2013 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን የሚሠራው ብሊዛርድ ባዘጋጀው ጉባኤ ላይ አንድ ተጫዋች ተነሥቶ «የድሮውን ጌም ትመልሱልናላችሁ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ከኃላፊዎቹ አንዱ ጄ. አለን ብራክ «የምትፈልጉት ይመስላችኋል እንጂ አትፈልጉትም» በሚል መንፈስ መለሰለት። አድናቂዎች በራሳቸው «ኖስታልሪየስ» የሚባል ያልተፈቀደ ሰርቨር ከፈቱ፤ በ2016 በጠበቃ ደብዳቤ ተዘጋ። ከ200,000 በላይ ሰው ፊርማውን አሰባሰበ። ብሊዛርድም የዘጋባቸውን ልጆች ቢሮው ጋብዞ አነጋገራቸው። በ2017 የድሮው ጌም እንደሚመለስ መድረክ ላይ ወጥቶ ያበሠረው ያው ብራክ ራሱ ነው። በኦገስት 2019 ሲከፈት ሰዉ ለመግባት ሰዓታት ወረፋ ያዘ።

እንግዲህ ለዚያ ተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይሄ ነው። አዎ፣ ሰምተው ያውቃሉ። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰሙት ሰው መሄድ ሲጀምር ነው። ዝም አይነቅዝም እንላለን፤ እዚህ ግን ዝምታው ነው የሚነቅዘው። የሚያማርር ተጫዋች ገና ጌሙን ይወዳል። የሚያስፈራው ሳይናገር የሚወጣው ነው። ደግሞ መስማት ማለት የተባለውን ሁሉ ማድረግ አይደለም። ጄጌክስ ዋጋውን ተናግሮ አስመረጠ፤ ሲሲፒ በር ከፍቶ አስቀመጣቸው። «አይሆንም» እንኳ ቢባል ምክንያቱ ሲነገር ሰው ይቀበላል።

ወጋችኝ ያልኩት ለምንድን ነው? ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የክፍሉ አለቃ ሦስት ልጆች አስከትሎ መጣ። «ቲቸር፣ ኖት ማስጻፉን ቀነስ አድርገው ቢያስረዱን» አሉኝ፤ በአክብሮት ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ሀያ ዓመት ያስተማረ ሰው መስዬ «ለእናንተ የሚበጀውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ» አልኳቸው። ቃል በቃል የብራክ መልስ! ከዚያ በኋላ ሁለተኛ የመጣ የለም። በሴሚስተሩ መጨረሻ የኋላ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። እኔ «ሰነፎች» ብዬ መዝገብ ላይ ቀሪ አደረግኳቸው። በዚያ ትምህርት ቤት በር ላይ የሐሳብ መስጫ ሣጥንም ነበር፤ ቁልፉ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ይሄን የምታነቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ራሳችሁ መምህራን ናችሁ። ልክ ነበራችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከሰኞ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለተማሪዎቼ ቅሬታ ለቅቄያለሁ። የመጀመሪያውን ያቀረበው ያው የጌም ልጅ ነው፤ «ፈተናው ዓመተ ምሕረት መሸምደድ ላይ ያተኩራል» አለኝ። ግማሹን እቀንሳለሁ፣ ግማሹን ግን አልቀንስም አልኩት፤ ለምን እንደማልቀንስም ነገርኩት። ፊቱ ላይ ደስታ አላየሁም። ግን ተቀምጦ ጻፈ።

እናንተስ? ለአለቃ፣ ለመምህር፣ ለኩባንያ አቤት ብላችሁ በእውነት የተሰማችሁበት ቀን አለ? ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።