በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ ቢላዋ፦ ስለቱን ሰገባው፣ ባለቤቱን የሚበጠስ ማንገቻ ይጠብቃል

አሶሳ፦ የማሽላ ዛላ ሲቆረጥ፣ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ፣ የጆንያ አፍ ሲፈታ ወይም ፍየል ሲገፈፍ ትንሽ ቢላዋ ከገበሬው እጅ አይለይም። የማይታጠፍ ቢላዋ እንደ ሰንጢ ተከድኖ ኪስ ውስጥ ስለማይገባ ተሸካሚው የሚይዝበትን መንገድ መምረጥ ይኖርበታል። ልማዱም ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የአፋር አርብቶ አደር ጊሌውን በወገቡ ይታጠቃል፤ ከኩርሙክ ድንበር ማዶ በሱዳን ደግሞ ቢላዋን ከክርን በላይ በግራ ክንድ ማሰር የቆየ ልማድ ነው። በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ በቆዳ ሰገባ ከትቶ በአንገት ማንጠልጠል ቢያንስ ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል።

በአንገት መያዝ የራሱ ጥቅም አለው። ቀበቶ የሌለው ጀለቢያ ለለበሰ፣ ወገቡን በሸክም ወይም በዝናብ ልብስ ለሸፈነ ሰው ቢላዋው በአንድ እጅ የሚደረስበት ቦታ ላይ ይሆናል። ሆኖም አንገትና ደረት የሰው ልጅ ስስ አካላት ናቸውና አያያዙ ጥንቃቄ ይሻል።

ስለ ቢላዋ አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለቱን ነው። በአንገት ለሚንጠለጠል ቢላዋ ግን ገመዱ ከስለቱ የማያንስ አደጋ አለው። ከማንጎ ዛፍ በመውረድ ላይ ያለ ሰው ማንገቻው ቅርንጫፍ ላይ ቢያዝ፣ የበሬ ቀንድ ቢገባበት፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የወፍጮ ቀበቶ ወይም የመውቂያ ማሽን ዘንግ ቢጠቀልለው፣ እጁን ወደ አንገቱ ለማድረስ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በየቤቱ በቀላሉ የሚገኘው ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር ለዚህ ሥራ የማይመቸውም በጥንካሬው ምክንያት ነው። ሁለትና ሦስት ሆኖ ሲገመድ በቀላሉ አይበጠስም። የናይለን ገመድና ጠፍርም እንዲሁ ናቸው።

መፍትሔው ማንገቻው ሆን ተብሎ አንድ ደካማ ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ነው። ገመዱ በማጅራት በኩል ተቆርጦ ሁለቱ ጫፎች በቀጭን የልብስ መስፊያ ክር ይያያዛሉ። ጥንካሬውን ለመፈተን ማንገቻውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ክብደት ማንጠልጠል ይቻላል፤ አንድ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ሊሸከም፣ ባለ 5 ሊትር ሙሉ ጄሪካን ሲንጠለጠልበት ግን ሊበጠስ ይገባል። ካልተበጠሰ ክሩ መቀነስ አለበት። ቢላዋን ከማተብ ወይም ከአንገት ጌጥ ጋር ደርቦ ማሰር ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ ያደርገዋል። የተበጠሰ ክር ቢላዋን ሊያስጠፋ መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቢላዋ በገበያ ቀን ይተካል።

ወፍጮና መውቂያ አጠገብ የሚሠራ ሰው ግን በደካማ ክርም ቢሆን አይተማመን፤ ማንገቻውን ጨርሶ ያውልቅ። ሕፃን ያዘለች እናትም እንዲሁ ቢላዋዋን ከአንገቷ ታውርድ። የታዘለ ሕፃን እጁ የሚያርፈው በእናቱ ማጅራት ላይ በመሆኑ ገመዱን ይስባል፣ ወደ አፉም ይወስዳል።

ሰገባው ከገመዱ ያልተናነሰ ትኩረት ይፈልጋል። ስስ ቆዳ በቢላዋ ጫፍ በቀላሉ ይበሳል፤ ስለቱም ስፌቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ በሁለቱ ቆዳዎች መካከል፣ በስለቱ በኩል፣ ሌላ የወፍራም ቆዳ ቅዳጅ ገብቶ አብሮ ይሰፋል፤ ስለቱ ክሩን ሳይሆን ይህን ቅዳጅ እንዲነካ ማለት ነው። በአሶሳ አካባቢ የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስላልሆነ እንደ ቱቦ አያገለግልም፤ ተሰንጥቆ ሁለት ጣውላ ከተደረገና ውስጡ ለስለቱ ከተፈለፈለ በኋላ ሲታሰር ግን ጥሩ ሰገባ ይወጣዋል። ከፕላስቲክ የውኃ ቱቦ የሚሠሩም አሉ። ፒቪሲ የተባለው ቱቦ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሚለሰልስ የፈላ ውኃ ይበቃዋል። እሳት ላይ መያዝ አያስፈልግም፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መተንፈሻ አካልን ይጎዳል።

ሰገባ ሲያልቅ ቢላዋውን ከትቶ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ አሸዋ ላይ አሥር ጊዜ መነቅነቅ ይገባል። አንድ ጊዜ እንኳ ከወደቀ ለአንገት አይሆንም። እጀታው ወደ ታች ይሁን ወይስ ወደ ላይ የሚለው አከራካሪ ነው። ወደ ታች ሲሆን ለመምዘዝ ይቀላል፤ ጫፉ ግን ወደ ጉሮሮ ያመለክታል፣ የላላ ሰገባም ቢላዋውን እግር ላይ ይጥለዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚያርምና ለሚያጭድ ሰው እጀታው ወደ ላይ ሆኖ በቁልፍ በሚዘጋ ትንሽ ማሰሪያ ቢያዝ ይሻላል። ስለቱ ከአራት ጣት ስፋት ባይበልጥ፣ ሰገባው በጎንበስታ ጊዜ እንዳይወዛወዝ በሸሚዝ ውስጥ ቢውል መልካም ነው። ሞተር ብስክሌት ለሚነዳ፣ ዛፍ ለሚወጣ ወይም ኳስ ለሚጫወት ግን የትኛውም አደራረግ አይመከርም፤ በደረት የወደቀ ሰው ሰገባው ቢጠነክርም የደረት አጥንቱ ይጎዳል።

ሲመዘዝ አንዱ እጅ ሰገባውን በጀርባው በኩል ይይዛል፣ ሌላው ከሰውነት አርቆ ያወጣል። ሲመለስ ደግሞ በዓይን እየታየ ነው፤ ከሰው ጋር እያወሩ በዳበሳ መክተት ጣት ያስቆርጣል። በክረምት ቆዳ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ቢላዋው ማታ ማታ ከሰገባው ወጥቶ፣ ደርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ማደር አለበት። ምግብ የሚቆረጥበት ከሆነ በምግብ ዘይት በስሱ ይታበሳል እንጂ የሞተር ዘይት አይነካውም።

ከተማ ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በማሳ ላይ መሣሪያ የሆነው ቢላዋ በገበያ፣ በአውቶቡስ፣ በፍርድ ቤት ወይም በአምልኮ ቦታ ጩቤ መስሎ ይታያል። በመተከልና በካማሺ ዞኖች ባለፉት ዓመታት ከደረሰው የጸጥታ ችግር በኋላ የፍተሻ ኬላ ጠባቂ ስለታም ነገር ሲያይ ቢጠራጠር አያስደንቅም። ሥራ የሌለው ቢላዋ ቤት ቢቀር ይመረጣል። ይዞ የተገኘ ሰው ፍተሻው ሳይጀመር በቃል ያሳውቅ፤ እጁን ወደ እጀታው ሳይሰድ ማንገቻውን ከነሰገባው በራሱ ላይ አውጥቶ ያስረክብ። በአውሮፕላን የሚጓዝ ደግሞ ቢላዋውን በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚያስጭነው ሻንጣ ውስጥ ያድርገው።

ቢላዋ ሰው ከቆረጠ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ሳይገላለጥ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል ተጭኖ ይያዛል፤ መድማቱ ሲቆም በሳሙናና በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም እበት አይደረግበትም። ደረት፣ አንገት ወይም ሆድ ላይ የተሰካ ቢላዋ በቦታው ሳለ አይነቀልም፤ ተጎጂው እንዲሁ ሆኖ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ዝገት ሳይሆን በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ቢላዋም በማሳ ላይ ከዋለ ያስተላልፋል። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል፤ ተህዋሱ ግን ከአፈሩ አልጠፋም። ክትባቱ ለእናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለሚሰጥ ብዙ አዋቂ ወንዶች አያገኙትም። ስለሆነም የቆሰለ ሰው ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። ምልክቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ቁስሉ ደርቆ ከተረሳ በኋላም ቢሆን መንጋጋ መያያዝ ወይም ለመዋጥ መቸገር ከጀመረ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በዚያው ሰዓት ነው።