ጣልቃ-ገብ ትንሽ አርኤንኤ

ጣልቃ-ገብ ትንሽ አርኤንኤ (በምህጻረ ቃል ኤስአይአርኤንኤ) ማለት ርዝመቱ ከ20 እስከ 24 ጥንድ ፊደላት የሆነ፣ ባለ ሁለት ፈትል አጭር የአርኤንኤ ሞለኪውል ነው። ሥራው አንድን የተወሰነ ጂን ዝም ማሰኘት ነው። ጂኑን ራሱን አይነካውም። ከጂኑ ተገልብጦ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚሄደውን መልእክተኛ አርኤንኤ በመንገድ ላይ ያስቆርጠዋል፤ መልእክቱ ካልደረሰ ደግሞ ፕሮቲኑ አይሠራም። ዕፅዋትና ነፍሳት በዚህ ዘዴ ራሳቸውን ከቫይረስ ይከላከላሉ። የሰው ልጅ ዘዴውን ያወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በዚሁ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶች ለሕሙማን ተፈቅደዋል። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይነሳል፤ አንዱ በሐዋሳ ዙሪያ የሚበቅለው ስኳር ድንች፣ ሌላው የሄፓታይተስ ቢ በሽታ ነው።

አሠራሩ

በተለመደው ሁኔታ በሕዋስ ውስጥ የሚገኘው አርኤንኤ ባለ አንድ ፈትል ነው። ረጅም ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ የቫይረስ ምልክት ነው፤ ብዙ ቫይረሶች ሲራቡ እንዲህ ያለ ቅርጽ ይይዛሉና። ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ይህን ረጅም ፈትል አግኝቶ 21 ፊደል ገደማ ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። ኤስአይአርኤንኤ የሚባሉት እነዚህ ቁርጥራጮች ናቸው።

ቁርጥራጩ ቀጥሎ ሪስክ ወደሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ ይገባል። እዚያ ሁለቱ ፈትሎች ይለያያሉ። አንደኛው ተጥሎ ይጠፋል። ሁለተኛው፣ «መሪ ፈትል» የሚባለው፣ በስብስቡ ውስጥ ይቀራል። መሪው ፈትል በሕዋሱ ውስጥ ከሚያልፉት መልእክተኛ አርኤንኤዎች መካከል ከራሱ ጋር ፊደል በፊደል የሚገጥመውን ይፈልጋል፤ ኤ ከዩ፣ ጂ ከሲ ጋር ይጣመራሉ። ሲያገኝ አርጎኖት 2 የተባለው የስብስቡ ፕሮቲን መልእክቱን ከመሪው ፈትል 10ኛና 11ኛ ፊደላት ትይዩ ላይ ይቆርጠዋል። የተቆረጠው መልእክት ወዲያው ይበላሻል። መሪው ፈትል ግን አይበላሽም፤ ተላቆ ሌላ ተመሳሳይ መልእክት ፍለጋ ይሄዳል። አንድ ሞለኪውል ብዙ መልእክቶችን የሚያጠፋው፣ የአንድ መርፌም ውጤት ለወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

የ21 ፊደላት ርዝመት ያለ ምክንያት አይደለም። በአራት ፊደላት 21 ቦታ ቢሞላ ከአራት ትሪሊዮን በላይ የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ይወጣሉ፤ ስለዚህ በሚገባ የተመረጠ ቅደም ተከተል በሰው ሕዋስ ውስጥ አንድ መልእክት ብቻ የሚገጥመው ይሆናል። በተግባር ግን ነገሩ ይህን ያህል ንጹሕ አይደለም። ከመሪው ፈትል 2ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ፊደላት ብቻ ከሌላ መልእክት ጋር ቢገጥሙ ያንን መልእክት በከፊል ሊያዳክሙት ይችላሉ። መድኃኒት ቀማሚዎች ብዙ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት ይህን ያልታሰበ ጉዳት ለማስቀረት ነው።

የግኝቱ ታሪክ

የመጀመሪያው ፍንጭ ከአበባ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ እንደሚያሳየው፣ የፔቱኒያን አበባ ሐምራዊ ቀለም ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ጂን ቢገባበት አንዳንዶቹ አበቦች ነጭ ሆነው ፈኩ። የተጨመረው ጂን ራሱም የነበረውም ዝም ብለው ነበር። ምክንያቱን ያኔ ማንም አላወቀውም።

መልሱ የተገኘው በ1998 ነው። አንድሪው ፋየርና ክሬግ ሜሎ አንድ ሚሊሜትር በሚያህል ትል ላይ ሙከራ አደረጉ። ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልግ ጂን አርኤንኤ በአንድ ፈትል ሲወጉት ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ሁለቱን ፈትሎች አጣምረው ሲወጉት ግን ትሉ ጂኑ የጎደለው ያህል ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ሕዋስ ጥቂት ሞለኪውሎች በቂ ነበሩ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2006 የኖቤል ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተቀበሉ።

በ1999 እንግሊዝ አገር አንድሪው ሃሚልተንና ዴቪድ ባውልኮም ትንንሾቹን አርኤንኤዎች በቫይረስ በተያዙ ዕፅዋት ውስጥ አገኟቸው። ለሕክምና በር የከፈተው ግን የ2001 ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ረጅም ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ በአጥቢ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ኢንተርፌሮን የሚባለውን አጠቃላይ የመከላከያ ምላሽ እየቀሰቀሰ ሕዋሱን ይገድለው ነበር። ቶማስ ቱሽልና ባልደረቦቹ ባለ 21 ፊደል አጭር ቁራጭ በሰው ሕዋስ ውስጥ ያን ምላሽ ሳይቀሰቅስ የተፈለገውን ጂን ዝም እንደሚያሰኝ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቤተ ሙከራ የአንድን ጂን ሥራ ለማወቅ ሲፈልግ ጂኑን ዝም አሰኝቶ የሚጎድለውን መመልከት ቻለ።

ስኳር ድንች በሐዋሳ ዙሪያ

ሞለኪውሉ በተፈጥሮ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከስኳር ድንች የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ስኳር ድንች በሲዳማ፣ በወላይታና በአካባቢው ዋና ምግብ ነው። የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከልም ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በሰፊው ከሚዘሩት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ነጩ «አዋሳ-83» የከተማዋን ስም ይዟል፤ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉት ብርቱካናማዎቹ «ቱላ» እና «ኩልፎ» ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ገበሬው ስኳር ድንችን የሚተክለው በዘር ሳይሆን ካለፈው ሰብል ላይ በተቆረጠ ሐረግ ነው። ሐረጉ በቫይረስ ከተያዘ በሽታው ከወቅት ወደ ወቅት አብሮ ይሄዳል። በደቡብ ኢትዮጵያ ከሚገኙት ቫይረሶች አንዱ የላባ መሰል ዝንጉርጉር ቫይረስ ይባላል፤ የሚያስተላልፈውም ክሽክሽ ነው። ይህ ቫይረስ ብቻውን ሲሆን ተክሉ እምብዛም አይታመምም፤ ቫይረሱን እየከተፈ ኤስአይአርኤንኤ ይሠራበታልና። ሌላው በነጭ ዝንብ የሚተላለፈው አጫጭ ቫይረስ ነው። ይህኛው የራሱ መቁረጫ ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙም የተክሉን ኤስአይአርኤንኤዎች 14 ፊደል ወደሚያህሉ ከንቱ ስብርባሪዎች ይከፋፍላቸዋል። መከላከያው ሲፈርስ የመጀመሪያው ቫይረስ በመቶዎች እጥፍ ይራባል። ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ምርቱም ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። በ2009 በታተመ ሙከራ የዚህ ኢንዛይም ጂን ብቻውን ወደ ጤነኛ ስኳር ድንች ሲገባ ተክሉ ለሌሎች ቫይረሶችም ተጋለጠ። አንድ ፕሮቲን የተክሉን መከላከያ በሙሉ ሊያፈርስ ይችላል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በፔሩ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ለምርመራ ተጠቀሙበት። ከታመመ ቅጠል ትንንሾቹን አርኤንኤዎች ሰብስበው ቅደም ተከተላቸውን በማንበብና በመገጣጠም ተክሉን የያዙትን ቫይረሶች፣ ከዚያ በፊት የማይታወቁትን ጭምር፣ ለይተዋል። ተክሉ ማንን እንደተዋጋ በኤስአይአርኤንኤው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዘዴው ኋላ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ማሳዎች ላይ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ውሏል። ለገበሬው ግን መፍትሔው እስካሁን ከቫይረስ የጸዳ ሐረግ ማግኘት ነው፤ ይህም ከተክሉ ጫፍ በተወሰደ ትንሽ ሕብረ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ይባዛል።

ወደ መድኃኒትነት የተደረገው ጉዞ

መድኃኒት ቀማሚዎችም የገጠማቸው እንቅፋት ከስኳር ድንቹ የራቀ አይደለም፤ አርኤንኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች። በሰው ደም ውስጥ እነዚህ ኢንዛይሞች ሞልተዋል፤ ያልተሸፈነ ኤስአይአርኤንኤ በደም ሥር ቢሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ከኢንዛይሞቹ ቢያመልጥ እንኳ ትንሽ በመሆኑ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል። ወደ ሕዋሱ ቢደርስም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው የሕዋሱን ሽፋን አያልፍም። ሞለኪውሉን መሥራት ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ማድረስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ይህን ችግር ለማለፍ ዓይንን መረጡ፤ በመርፌ በቀጥታ ዓይን ውስጥ ከተሰጠ ደም ውስጥ መጓዝ አያስፈልገውምና። በ2008 ግን አንድ ጥናት ያልተሸፈነ ኤስአይአርኤንኤ፣ ፊደላቱ ምንም ይሁኑ ምን፣ ከሕዋስ ውጭ ያለውን የመከላከያ ተቀባይ በመቀስቀስ ብቻ የዓይን ደም ሥሮችን እድገት እንደሚገታ አሳየ። ታይቶ የነበረው ጥቅም ጂን ዝም ከማሰኘት ላይመጣ ይችላል ማለት ነው። ቤቫሲራኒብ የተባለው የዓይን መድኃኒት ሙከራ በ2009 ተቋረጠ። በ2010 ሮሽ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ከዘርፉ ወጣ። በ2016 ደግሞ ሬቩሲራን የተባለ መድኃኒት በወሰዱ ሕሙማን ዘንድ የሞቱት ቁጥር በልጦ በመገኘቱ ሙከራው ቆመ። የዘርፉ አብቅቶለታል የተባለበት ጊዜ ነበር።

ነገሩን የቀየሩት ሦስት ለውጦች ናቸው። አንደኛው የአርኤንኤውን ስኳር በኬሚካል በመለወጥ ኢንዛይሞች እንዳይቆርጡት ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሞለኪውሉን በጥቃቅን የስብ እንክብሎች መጠቅለል ነው፤ ኋላ የኮቪድ-19 መልእክተኛ አርኤንኤ ክትባቶች የተጓዙት በዚሁ ዓይነት ጥቅል ነው። ሦስተኛው ጋልናክ የተባለ ስኳር ማያያዝ ነው። የጉበት ሕዋሳት ይህን ስኳር የሚይዝ ተቀባይ በብዛት ስላላቸው ከደም ውስጥ እየለቀሙ ያስገቡታል። እንዲያም ሆኖ ከገባው ውስጥ ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው ከተዋጠበት ከረጢት አምልጦ ወደ ሥራ ቦታው የሚደርሰው።

የመጀመሪያው የተፈቀደ መድኃኒት ፓቲሲራን ነው። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የጸደቀው ነርቭንና ልብን ለሚጎዳ ብርቅ የዘር በሽታ ሲሆን፣ በአሜሪካ የተጠየቀበት የዓመት ዋጋ 450 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ጊቮሲራን (2019)፣ ሉማሲራን (2020)፣ ቩትሪሲራን (2022) እና ለሄሞፊሊያ የሚሰጠው ፊቱሲራን (2025) መጡ። ሁሉም የሚሠሩት ጉበት ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው ሊደርሰው የሚችለው ኢንክሊሲራን ነው። መነሻው አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው አሜሪካውያን ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ፒሲኤስኬ9 ከተባለው ጂናቸው አንዱ ቅጂ ከልደት ጀምሮ የማይሠራ ሰዎች መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ፣ ለልብ ሥሮች ሕመም ያላቸው ተጋላጭነትም በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኢንክሊሲራን ይህንኑ ጂን በጉበት ውስጥ ዝም በማሰኘት ኮሌስትሮሉን በግማሽ ገደማ ያወርዳል። ከሁለት መነሻ መርፌዎች በኋላ በየስድስት ወሩ አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ ማቀዝቀዣም አይፈልግም። የመብራት መቆራረጥ ባለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዋጋው ግን በአሜሪካ በዓመት 6,500 ዶላር ያህል ሆኖ ነው የወጣው።

ሄፓታይተስ ቢ እና ኢትዮጵያ

የዘርፉ ስኬት በጉበት መወሰኑ በኢትዮጵያ የሚበዛን አንድ በሽታ ወደ ፊት ያመጣል። በ2016 የታተመ የጥናቶች ስብስብ እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከመቶ ሰዎች ሰባት ገደማ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን በደማቸው ይዘዋል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ጥናት ተደርጓል፤ ቫይረሱ ከእናት ወደ ሕፃን ስለሚተላለፍ። ሕዝቡ «የወፍ በሽታ» የሚለው ዓይን የሚያቢጨው ሕመም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ሆኖም ቫይረሱን ለዓመታት ተሸክመው የሚኖሩት አብዛኞቹ ዓይናቸው ቢጫ አይሆንም፣ ብዙዎቹም ጉበታቸው እስኪጠነክር ወይም ካንሰር እስኪወጣበት ድረስ አያውቁትም። ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጠው የአምስት በአንድ ክትባት ውስጥ አለ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ደግሞ ቴኖፎቪር የተባለውን ክኒን ለሕሙማን ሰጥቷል።

ቴኖፎቪር ቫይረሱ እንዳይራባ ያግዳል እንጂ አያጠፋውም። የቫይረሱ ዲኤንኤ በጉበት ሕዋስ ኒውክለስ ውስጥ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያም የቫይረሱን የላይ ሽፋን ፕሮቲን በብዛት ማስመረቱን ይቀጥላል። ይህ ፕሮቲን ደምን ሞልቶ የሰውነትን መከላከያ እንደሚያደነዝዘው ይታመናል። ክኒኑ በብዙዎች ዘንድ ለረጅም ዓመታት የሚወሰደው ለዚህ ነው።

ኤስአይአርኤንኤ የተመረጠው ፕሮቲኑ እንዳይመረት ስለሚያደርግ ነው። የቫይረሱ ጂኖም 3,200 ፊደላት ብቻ ነው፤ መልእክቶቹም ሁሉ አንድ ዓይነት ጫፍ ይጋራሉ። ስለዚህ ወደዚያ ጫፍ የተመራ አንድ ኤስአይአርኤንኤ ሁሉንም መልእክቶች በአንድ ጊዜ ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ግን ያልተጠበቀ ነገር አሳዩ። በአንዳንድ ሕሙማንና በቺምፓንዚዎች የሽፋኑ ፕሮቲን የታሰበውን ያህል አልቀነሰም። በ2017 የታተመው ጥናት ምክንያቱን አገኘ፤ ፕሮቲኑ ከክቡ ዲኤንኤ ብቻ ሳይሆን በሕሙማኑ ክሮሞሶም ውስጥ ተሰክቶ ከቀረ የቫይረስ ቁራጭም ይመረት ነበር፣ ቁራጩ ደግሞ ኤስአይአርኤንኤው የታለመበትን ጫፍ አጥቶታል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መድኃኒቶች ከተሰካው ቁራጭ የሚወጣውንም መልእክት እንዲመቱ ተደርገው ተነድፈዋል።

አዲሶቹ መድኃኒቶች የሽፋኑን ፕሮቲን ከመቶ እጥፍ እስከ ሺህ እጥፍ ቀንሰው ታይተዋል። ነገር ግን መርፌው ሲቆም በአብዛኞቹ ዘንድ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከኢንተርፌሮንና ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር አጣምረው እየሞከሩት ነው። እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሄፓታይተስ ቢ የጸደቀ ኤስአይአርኤንኤ የለም፤ ሕክምናው በቴኖፎቪርና በተመሳሳይ ክኒኖች ይሰጣል።