ጥናትና ጽናት

በፈተና ሰሞን በየቤቱ የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፤ «አጥና!» እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች ከማድ ቤት ሆና ትጮህብኝ ነበር። እኔም ደብተሬን ገልጬ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፤ ጠዋት ወረቀቱ ሲታደል ማታ ያየሁት ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። አንድ ቀን «እማዬ፣ አጥንቼው ነበርኮ፤ ጠፋብኝ» ብዬ ብመለስ፣ «ባይጸናልህ ነው እንጂ ያጠናኸውማ የት ይሄዳል?» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ ሁለት መንትያ ቃላት መጥራቷን ያስተዋልሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነው።

መንትዮቹ የወጡት ከአንድ ግሥ ነው፤ ጸንዐ። በግእዝ በረታ፣ ጠነከረ፣ ጸና ማለት ነው። አማርኛ ከጉሮሮ የሚወጣውን ዐ ሲጥለው «ጸና» ቀረ። በሌላ አፍ ደግሞ ጸ ወደ ጠ ዞረና «ጠና» ሆነ። ጾምን ጦም፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ጸበልን ጠበል ያደረገው ያው ልማድ ነው። ጾምም ተባለ ጦም የሚራበው ሆድ ግን ያው ነው። ጸናና ጠና እንደዚያ አልሆኑም፤ እንደ ወንድማማች ርስት ተካፍለው ተለያዩ። ጸና ሃይማኖትንና ቃል ኪዳንን ወሰደ። ለጠና በሽታና ዕድሜ ደረሰው፤ «ሕመሙ ጠናበት»፣ «ጠና ያለ ሰው» እንላለን። ከዚያ ልጆቻቸው መጡ፤ ጽናትና ጥናት። አንዱ የጠባይ ስም ሆነ፣ ሌላው የደብተር ሥራ። ዛሬ በአዳራሽ ጥናት የሚያቀርብ ምሁር የጽናትን ወንድም ይዞ መቆሙ ትዝ አይለውም።

«አጠና» ላይ መነሻ ሆና የገባችው አ አስደራጊ ናት፤ በላ ብሎ አበላ፣ ደረቀ ብሎ አደረቀ እንደምንለው። ስለዚህ ማጥናት እንዲጠና ማድረግ ነው። ቃሉ ዐይን በመስመር ላይ ስለ መመላለሱም ሆነ ሌሊት ስለ መቀመጡ ምንም አይልም፤ የሚጠይቀው ነገሩ ጠንቶ መገኘቱን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ቸከለ» ይላሉ፤ ደብተር ላይ ተደፍቶ የሚያድረው «ቸካይ» ነው። ቸከለ ከችካል ጋር ነው የሚሄደው፤ መሬት ውስጥ መትቶ ማቆም። የጊቢ ቀልድ ቢመስልም ሥዕሉ የጥንቱ ነው፤ እንዳይነቃነቅ ማጽናት። (አደራ፣ አጥንትን ወደዚህ ቤተሰብ እንዳታስገቡት። ጠንካራ ስለሆነና ድምፁም ስለሚቀርብ ያጓጓል፤ ዘሩ ግን ከግእዙ ዐፅም ነው። ቄሱም ሲያጥኑ በዕጣን ነው እንጂ በደብተር አይደለም።)

በ1900 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ጎቲንገን ላይ ጌኦርግ ኤልያስ ሙለርና አልፎንስ ፒልዜከር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላት እያስጠኑ ይፈትኑ ነበር። አንዱን ዝርዝር አስጠንተው ወዲያው ሌላ ሲያስከትሉ የፊተኛው ይበላሻል፤ ፋታ ሲሰጡት ይቆያል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲዘጋ ትምህርቱ አያልቅም፤ ውስጥ ውስጡን ሲረጋ ይቆያል አሉ። ለዚህ ያወጡለት ስም ኮንሶሊዲሩንግ ነው፤ ሥሩ የላቲኑ ሶሊዱስ፣ ጽኑ። የአንጎል ሳይንስ እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚህ ቃል ነው። በአማርኛ ተርጉመው ብባል ብዙ አልጨነቅም።

ቃሉም ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1973 ቲም ብሊስና ቴርዬ ሎሞ ኦስሎ ውስጥ በጥንቸሎች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል (ስሙ የባሕር ፈረስ ማለት ነው፤ ቅርጹን ያየ አናቶሚስት በ16ኛው መቶ ዘመን አወጣለት) የነርቭ ክሮችን ፈጠን ባለና በተደጋገመ ኤሌክትሪክ ነኩ። ከዚያ በኋላ አንዱ ነርቭ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት መጋጠሚያ ለሰዓታት በርትቶ ቆየ። ጸንዐ እዚህ ሥጋ ለበሰ። አማርኛ የማሰብን ቤት ደረት ውስጥ አድርጎ «ልብ በል» ማለቱን አውቃለሁ፤ ቦታውን ስቷል፤ ሥራውን ግን አልሳተም።

እንቅልፍም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በ1924 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄንኪንስና ዳለንባክ ሁለት ተማሪዎችን እንዲሁ ክፍለ ቃላት አስጠንተው አንዳንዴ ያስተኟቸዋል፣ አንዳንዴ ነቅተው ያቆዩአቸዋል። ተኝተው ሲነሡ የሚያስታውሱት ይበልጥ ነበር። የቆሎ ተማሪ የቃል ትምህርቱን ከመሸ በኋላ በጨለማ ተቀብሎ ይተኛል። እኔ ደግሞ ለፈተና ስል አነጋ ነበር፤ እናቴ «ባይጸናልህ ነው» ማለቷ ትክክል ነበር።

እጅ ለሚማረው ነገር ግን አማርኛ ሌላ ግሥ አለው። ብስክሌት አይጠናም፣ ይለመዳል። መሪ ጨብጦ የሚንቀጠቀጠውም «ለማጅ» ነው። ዕብራይስጥ ያንኑ ለመደን ለትምህርት አውሎታል፤ ታልሙድ የመጣው ከዚያ ነው፤ ከጎንደር እስራኤል የገባ ሰው «ሎሜድ» ሲባል በሰማ ቀን ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል፤ እየተማረ ነው ማለት ነው። እኛ ግን የሚጠናውንና የሚለመደውን ለያይተናል።

ይህ ልዩነት አንጎል ውስጥም መኖሩ የታወቀው በአንድ ሰው ላይ በደረሰ ጉዳት ነው። ሄንሪ ሞለይሰን በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታው እንዲቀንስለት አሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ ዊልያም ስኮቪል ሂፖካምፐስ ካለበት ስፍራ ከግራም ከቀኝም ቆርጦ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሄንሪ አዲስ ነገር አልጸናለትም፤ ሲያጫውተው የቆየ ሰው ወጥቶ ቢመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ብሬንዳ ሚልነር ከሞንትሪያል እየመጣች ትፈትነው ነበር። አንድ ጊዜ ድርብ መስመር ያለው የኮከብ ሥዕል ሰጠችውና እጁን በቀጥታ እንዳያይ ጋርዳ፣ በመስተዋት ብቻ እያየ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ እንዲዞር አደረገችው። መስተዋት ሁሉን ስለሚገለብጥ እርሳሱ በየማዕዘኑ ይስታል። በበነጋው ስሕተቱ ቀነሰ፣ በሦስተኛው ቀን እጁ ለምዶት መስመሩን ተከትሎ ዞረ። ሄንሪ ግን ያንን ሥዕል ከዚያ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ አላስታወሰም፤ ከባድ ይሆናል ብሎ የጠበቀው ነገር እንዲህ መቅለሉ ገረመው።