በሬ የማይጠይቀው እርሻ

የግሸን ታሪክ ሲነሣ የምንቆጥረው ነገሥታትንና መሳፍንትን ነው። በአምባሰል የሚገኘው ይህ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ጦር እስኪያዝ ድረስ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራራውና ስለ ልዑላኑ ጻፈ፤ ወሬው ባሕር ተሻግሮም ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ውስጥ ይህን አምባ «የአማራ ተራራ» ብሎ ከገነት ጋር አነጻጸረው። የሩቅ አገር ሰው በአምባው ላይ ገነት አየ። ከአምባው ሥር በየጎጆው ጀርባ ስላለው ጓሮ ግን የተጻፈልን እምብዛም ነው።

ያ ጓሮ የእናቶች ግዛት ነበር፤ ዛሬም ነው። አመድና ፍግ ዓመቱን ሙሉ ስለሚደፋበት አፈሩ ጥቁርና ለም ነው። ጎመን ዘር እዚያ ይበተናል። ችግኙ ጣት ሲያህል ይሳሳና የተነቀለው ለጋ ቅጠል ድስት ይገባል፤ ከዚያ የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ወራት ይበላል፤ በመጨረሻም የተረፈው አብቦ ያፈራል። ፍሬው ለዘር ይቀመጣል፤ ከዘር የተረፈው ተወቅጦ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። አንድ ተክል ሦስት አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው። ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ጎመን ዘር የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ድቅል ነው፤ ለጋ ቅጠሉን ጥሬውን ላኘከ ሰው አፍንጫውን ሰንፈጥ የሚያደርገው ይህ ዝምድና ነው።

የጓሮ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው በክፉ ዘመን ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፤ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈታ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ መሆናቸው ተመዝግቧል። የንጉሡ እጅ ያን ቀን የያዘው ዶማ የጓሮ እናቶች ሁልጊዜም የያዙት ነው። በሬ የሌለው ቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አቅመ ደካማ ሽማግሌ ቢያንስ ጓሮውን መቆፈር ይችላል። ዝናብ ጨርሶ ሲቀር ግን ጓሮም ይደርቃል፤ የ1965ቱንና የ1966ቱን የወሎ ረኃብ ያየ ትውልድ ይህን አይስተውም። ቢሆንም በነሐሴ የከረመው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ቤተሰቡን የሚያሻግረው ቅጠል ከጓሮ የሚቀነጠሰው ነው።

እኛ ወራሾቹ ግን ለዚህ ውለታ ክብር አልሰጠንም። መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት ይወጣል፣ የገንፎ ምንቸት ይገባል፤ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲወጡ ጎመን የችግር ስም ተሰጥቶት ወደ ኋላ ቀርቷል። በጥጋብ ማባረርና በችግር መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። ቅጠሉን ከድህነት ጋር ማያያዛችን ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይመስለኛል፤ ልጆቻችን የሚያፍሩበትን ነገር አይተክሉትም።

ጾም ባይኖር ኖሮ የሚሰነፍጠው የጎመን ወገን ከማዕዳችን ይበልጥ ይርቅ ነበር። ፌጦ ተወቅጦ በውኃና በሎሚ ተበጥብጦ ፍትፍት ይሆናል፤ ሰናፍጭ ስልጆውን ያጣፍጣል። ሰናፍጭ የሚያውቁ ሴቶች ፍሬውን ፈጭተው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ያሹታል እንጂ የፈላ አያፈሱበትም። ምክንያቱን ሳይንስ በኋላ ደረሰበት፤ ፍሬው ተሰብሮ ከውኃ ሲገናኝ ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም የሚያቃጥለውን ቅመም ይፈጥራል፤ ፈላ ውኃ ይህን ኢንዛይም ይገድለዋል።

በ1927 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ዞሮ ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ ብሎ መዘገባት። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው የዘር ባንክ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር መቼ እንደሚሳሳና በምን ውኃ እንደሚታሽ አይናገርም፤ ያ እውቀት በእናቶች እጅ ነው፣ ሳይወረስ ከሄደም አይመለስም።

ይህን እውቀት መውረስ ከፌጦ መጀመር ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ብዙ ሰው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ፈለገው፤ ከጾም ፍትፍቱ ውጭ ፍሬውን በአብዛኛው እንደ መድኃኒት ስለያዝነው ነው። አውሮፓና ሕንድ ግን ቅጠሉን ጥሬውን ይበሉታል፤ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ሩኮላ ተብሎ በውድ የሚቀርበው ቅጠልም የዚሁ ወገን ነው። ፌጦ በአራት ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ቅጠሉ ለምግብ ይደርሳል። ደጋውን ይወዳል፤ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያብብና ቅጠሉ ይከረክራል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ፣ ብርዱ ሳያልፍ፣ የአትክልት ማጠቢያ ውኃ በሚደርስበት መደብ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል። ለጋው ቅጠል ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ተከትፎ በሎሚ ይበላል። ከእያንዳንዱ መደብ ጥቂቱን ግን ሳይቀነጠስ መተው፣ ፍሬው ሲደርቅ ማራገፍና ለጎረቤትም ማካፈል የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው።