አንበጣና ወንፈል በየጁ ምድር

በወሎ፣ በየጁ ምድር፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሀብሩ ወረዳ እርሻ ሁለት መልክ አለው። ወንዝ የተጠለፈለት ማሳ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፓፓያ ያበቅላል፤ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ደግሞ ማሽላና ጤፍ። ሁለቱንም የሚያሰጋ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን የማይችለው ጠላት አለ፤ እሱም ተባይ ነው። የጥንቱ የጁ ሰው ይህን ጠላት ሲመክት የኖረው ከመድኃኒት ይልቅ በተሰባሰበ ጉልበት ነበር።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው ክፉ ቀን የዚህ ጉልበት ከባድ ፈተና ሆነ። የከብት እልቂቱ በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን ፈጀ፤ ዝናብ ቀረ፤ የተረፈውን ቡቃያ አንበጣና ተምች በላው። በሬ ያለቀበት አገር መሬቱን በዶማ ለመቆፈር ተገደደ። ዐፄ ምኒልክም ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፍረዋል። በሬ በሌለበት ዘመን ከጎረቤት ጋር ጉልበት መበዳደር የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው።

ይህ መበዳደር በወሎ ሥርዓት ያለው ነው። ወንፈል እኩል ለእኩል ነው፤ ዛሬ ያንተ ማሳ ከታረመ ነገ የእኔ ይታረማል። ደቦ ግን ግብዣ ነው፤ ባለማሳው ጠላ ይጠምቃል፤ ጠላ የማይጠጣ ቤት ቀሪቦ ያቀርባል። ሥራ የሚያቅተው አቅመ ደካማም ቢሆን ማሳው ጾም አያድርም። መስጊድ የሚሰግዱና ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ጎረቤታሞች በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ያጭዳሉ።

አንዳንዴ ግን የጎረቤት ጉልበት ብቻውን አይበቃም። በ1950ዎቹ መግቢያ የመጣው የአንበጣ መንጋ በኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን ያህል እህል አጠፋ፤ አንድ ሚሊዮን ሰው ለዓመት የሚቀልብ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለማቋቋም አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ በአውሮፕላን መርጨት የተለመደ ሆነ።

አውሮፕላን የማይደርስበት ተባይ ግን ብዙ ነው። በጎርጎርዮሳዊው 1993 በአማራና በአፋር ቆላዎች ማሽላ የሚበላ ጥንዚዛ ተነሣ። ጥንዚዛው ገና ወተት የያዘውን ፍሬ ይመጥጣል፤ በጋውን አፈር ውስጥ ተደብቆ ይከርምና በሐምሌ ወጥቶ ይራባል። ተመራማሪዎች በበሰለ ሙዝ እየሳበ የሚይዝ ወጥመድ ሠርተው ፈተኑ። እንዲህ ያለው ወጥመድ አንድ ማሳ ላይ ብቻ ቢተከል ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ጥንዚዛ ድንበር አያውቅምና።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንበጣ ከአፋር በኩል ወደ ወሎ ቆላ ሲዘልቅ የቆየው ልማድ በአዲስ መልክ ተነሣ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ይበላል። ገበሬው ጀሪካን እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጭስ እያጨሰ ተከላከለ። መንጋውን ማባረር ግን ወደ ጎረቤት ማሳ መላክ ነው። ይበልጥ የጠቀመው ቶሎ ማጨድ ነበር፤ ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የከተማ ወጣቶች ማጭድ ይዘው ወጥተው የደረሰውን ጤፍና ማሽላ ሰበሰቡ። ብዙዎቹ ከባለማሳው ጋር ትውውቅ እንኳ አልነበራቸውም። ብድር የማይመለስበት ወንፈል ነበር፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ ምዕራፍም ይኸው ነው።

አትክልቱ ግን እንዲህ ያለ ዘመቻ አያገኝም፤ ጠላቱ እንደ አንበጣ ሰማይ አያጠቁርምና። ትሪፕስ የሚባለው የሽንኩርት ተባይ በበጋ ሙቀት ይራባል፤ ቅጠሉ ከአንገቱ በሚጋጠምበት ሥርጥ ስለሚሸሸግ ርጭት በደንብ አያገኘውም። በ2004 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ቱታ አብሶሉታ የተባለ ተባይ ደግሞ የቲማቲሙን ቅጠል ከውስጥ እየቦረቦረ ይኖራል። የተበላውን ቅጠልና ፍሬ ለቅሞ መቅበርና ምርት እንዳለቀ ግንዱን ነቅሎ ማስወገድ ይረዳል፤ አንዱ አጽድቶ ሌላው ከተወው ግን ተባዩ ከዚያው ይመለሳል። ብዙ ገበሬ በየግሉ መድኃኒት እየደጋገመ ሲረጭ ገንዘቡ ያልቃል፤ ተባዩም መድኃኒቱን ይለምዳል።

የመስኖ ውሃ ተራ የሚያወጣ የውሃ አባት ያለው ቀበሌ የማሳ ማጽጃ ቀንም መቁረጥ ይችላል። በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ምክር ቢሰጥ፣ የመርሳ ግብርና ኮሌጅ ተማሪዎችም አብረው ቢሰለፉ ሥራው ይቀልላል። በ2013 ማጭድ ያነሡ ወጣቶች ዛሬም አሉ፤ የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ወቅት ሳይገባ ይጠሩ።