የምጽዋ አሮጌ ቤቶች በፎቶግራፍ

የባሕር ጨው የበላው ግድግዳ፥ ፀሐይ ያገረጣው እንጨት፥ ከውኃው ላይ ተመልሶ በቅስቶች ሥር የሚገባው ብርሃን፥ እነዚህ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺን ሁልጊዜ ይስባሉ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ስለዚህ ነገር ስማቸው ከሚነሣው ከተሞች አንዷ ምጽዋ ናት። ከ19ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ባለሱቁ ፎቶግራፍ አንሺ፥ የጦር ሠራዊት ተከታዩና መንገደኛው አሮጌ ቤቶቿን ከሰው ጀርባ እንደ መጋረጃ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። ይሁን እንጂ በሥዕሎቹ ላይ እርጅና መስሎ የሚታየው ሁሉ የዘመን ርዝመት ብቻ ያመጣው አይደለም። ሥዕሎቹ በየዓመታቸው ተራ ተደርድረው ሲመረመሩ ጨው፥ የመሬት መንቀጥቀጥና ጦርነት እያንዳንዳቸው የተለየ ምልክት ትተው እንዳለፉ ያስረዳሉ። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቤቶቹ መናገር ይገባል። ምጽዋ በ1557 በቱርኮች እጅ ገባች፤ በ1860ዎቹ አጋማሽ ወደ ግብጾች፥ በየካቲት 1885 ደግሞ ወደ ኢጣልያኖች ተላለፈች። የደሴቲቱ ትልልቅ ቤቶች የተሠሩት ኮራል ከተባለው የባሕር ድንጋይ ነበር። ይህ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበትና ክብደቱ ቀላል ስለ ሆነ ለመጥረብ ይመቻል፤ ነገር ግን እርጥበትን ይመጣል። ስለዚህ ግድግዳው በኖራ ይለሰን ነበር። ልስኑ ሳይታደስ ሲቀር የባሕሩ እርጥበት ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ ውኃው ሲተን ጨው በውስጡ ይቀራል፤ ጨውም እየረጋ ሲሄድ ድንጋዩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው የሚወደው የተላጠ ግድግዳ ሌላ ምክንያት በሌለበት ጊዜ የባለቤት እጅ የተለየው ግድግዳ ማለት ነው።

ፎቶግራፍ ወደዚህ ዳርቻ ከመጣባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ጦርነት ነበር። በ1868 እንግሊዞች ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ ሲመጡ ከምጽዋ በስተደቡብ በዙላ ወረዱ፤ ከሠራዊቱ መሐንዲሶች ጋርም ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች ነበሩ። ከ1885 በኋላ ግን ሥራው ንግድ ሆነ። የእስክንድርያው ሉዊጂ ፊዮሪሎ የምጽዋንና የአካባቢዋን ሥዕሎች በአልበም አዘጋጀ፤ ሉዊጂ ናሬቲም በምጽዋ ሠርቶ በኋላ ወደ አስመራ ተሻገረ። የናሬቲ ስም ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመቀሌን ቤተ መንግሥት የሠራው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የዚሁ ቤተ ዘመድ ነውና።

የምጽዋ አየር ለዚህ ሙያ የተመቸ አልነበረም። በዚያን ዘመን ሥዕሉ የሚቀረጸው በመስታወት ሰሌዳ ላይ ሲሆን በሰሌዳው ላይ የተቀባው ጄላቲን በሞቀ ውኃ ይለሰልሳል፥ አልፎም ይላቀቃል። የምጽዋ በጋ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ለማጠቢያ የሚያስፈልገው ጣፋጭ ውኃም በደሴቲቱ ስለማይገኝ ከየብስ፥ ከእምኩሉ በኩል ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ ያልፍ የነበረ ሰው ሰሌዳውን በከንቱ አያባክንም፤ የሚሸጠውን ነገር መርጦ ያነሣ ነበር።

ምርጫውም ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። ገዢዎቹ አውሮጳውያን ስለ ነበሩ እነርሱ የሚሹት ተነሣ፤ ይኸውም ወደ ባሕሩ የዞረ ፊት፥ ጥርብ የእንጨት መስኮት፥ መስጊድ፥ በግድግዳ ሥር የቆመ የአገር ሰው ነው። የቤቱ ባለቤት፥ ድንጋዩን ከባሕር ያወጣው ሠራተኛ፥ ኖራውን ያቃጠለው እጅ ግን ስማቸው አልተጻፈም። ከሥዕሉ ፊት የቆመውም ሰው ብዙውን ጊዜ የተመዘገበው በነገዱ ወይም በሥራው ዓይነት እንጂ በስሙ አልነበረም። ስለዚህ ተመራማሪ እነዚህን ሥዕሎች ለቤቱ አሠራር ሲያምናቸው፥ ለሰዎቹ አኗኗር ግን ሊጠነቀቅባቸው ይገባል፤ አቋቋሙን ያዘዘው ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺው ነውና።

በነሐሴ 1921 ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ምጽዋን መታ፤ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። ከዚያ በኋላ ኢጣልያኖች ብዙውን ክፍል እንደገና ሲሠሩ የዐረብን ሥነ ሕንጻ የሚያስመስል ቅስትና በረንዳ አበዙ። እንግዲህ ዛሬ የጥንት ቱርክ ቤት ተብሎ የሚነሣው አንዳንዱ ሕንጻ ከ1921 ወዲህ የቆመ ነው። ከዚያ በፊት የተነሡት ሥዕሎች የቀድሞዋን ከተማ መልክ ለማወቅ ከሁሉ የሚበልጡ ምስክሮች ሆነው ቀሩ። በዚህም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አንድ ሰሌዳ ለብዙ ዓመታት በፖስታ ካርድ ሊታተም ስለሚችል የካርዱ ዘመን የሥዕሉ ዘመን ነው ብሎ መፍረድ ያሳስታል።

በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር የመጣው ጦር በምጽዋ ሲወርድ የኢጣልያ መንግሥት የፊልም ድርጅት ሉቼ መርከቦቹንና ሰልፉን አነሣ፤ አሮጌው ከተማ በዚህ ጊዜ የኃይል ማሳያ መድረክ ሆነ። በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ሲገቡ ግን የወደቡ ሥዕል ተለወጠ፤ ኢጣልያኖች ራሳቸው ያሰጠሟቸው መርከቦች ውኃውን ሞልተውት ነበር።

ከሁሉ የከበደው ጉዳት የመጣው በ1990 ነው። በየካቲት ወር የኤርትራ ሕዝባዊ ነጻነት ግንባር ከተማዋን ያዘ፤ ከዚያም የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፕላኖች ደበደቧት። በጣውሉድ ያለውና ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባሕር ዳር ማረፊያነት ይጠቀሙበት የነበረው ቤተ መንግሥት ጉልላቱ ተሰበረ፤ የኢጣልያ ባንክ የነበረው ሕንጻም ክፉኛ ተጎዳ። ኤርትራ በ1993 ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህም መንገደኞች እነዚህን ሁለት ሕንጻዎች ማንሣት አላቋረጡም። የጥይት ቀዳዳና የጨው ቀዳዳ በሥዕል ላይ ይመሳሰላሉ፤ ሥዕሉ ያለ ጽሑፍ ሲቀርም ተመልካቹ በጥቂት ቀን የተደረገውን ጥፋት የዘመናት ውበት አድርጎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ የፈረሰውን ቤት ማንሣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ዘመኑንና ምክንያቱን ሳይገልጹ መተው ነው። ቀኑ፥ ቦታውና የቆሙበት አቅጣጫ ከተጻፈ፥ ለጌጥ የተነሣ ሥዕል እንኳ ነገ ልስኑን ለሚመልስ ግንበኛ መለኪያ ይሆነዋል። የቀድሞዎቹ ባለሱቆች ለገበያ ያነሧቸው ሰሌዳዎች ዛሬ ለጠፉት መስኮቶች ምስክር እንደ ሆኑ፥ የዛሬውም ሥዕል ነገ ለሚወድቀው ግድግዳ ምስክር ይሆናል። የምስክርነቱ ዋጋ ግን ከሥሩ በሚጻፈው ቃል ይወሰናል።