ወንዝ ይገባል፣ የሚወጣ የለም፦ የሐዋሳና የሐይቋ ታሪክ

ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ ባይኖራትም ሐዋሳ ላይ ወደብ ወደብ የሚል ነገር አለ። ማለዳ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የደረሰ ሰው፣ ማታ የተጣለውን መረብ የሰበሰቡ የእንጨት ጀልባዎች ሲመለሱ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ሲዘረገፍ፣ ልጆች በቢላ ቅርፊት ሲገፉ ያያል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጥግ ይዘው አንጀትና ጭንቅላት ይጠብቃሉ። ደፈር ያለ በላተኛ ደግሞ ዓሣውን ጥሬውን በአዋዜ ያጣጥማል።

በሐይቁ ዙሪያ የቆሙት ተራሮች የአንድ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ጠርዝ ቅሪት ናቸው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ፈንድቶ መሬቱ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ሰፊ ጎድጓዳ ተፈጠረ፤ ከዚያው ውስጥ ቆይቶ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ ተነሣ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሰፍቶ በዚህ ጎድጓዳ ተኝቷል። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ጭራሽ የለውም። እንዲህ ያለ ውሃ እንደ ጎረቤቶቹ ሻላና አብያታ በጨው ሊበከል በተገባ ነበር። ጨው ሳይጠራቀምበት ዓሣና ጉማሬ ያኖረው፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ውሃው ከመሬት ሥር ሾልኮ ስለሚሄድ ነው።

ከተማዋ ግን ገና የትናንት ናት። አዳሬ ይባል በነበረው ሥፍራ በ1952 ዓ.ም. የቆረቆሯት፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ የነበሩት ራስ መንገሻ ስዩም ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱም ሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መዲናነት ከይርጋለም ወደዚህ ዞረ። ጎዳናዎቿ እንዲህ ቀጥ ብለው ሰፍተው የሚታዩት በፕላን ስለተወለደች ነው፤ በዚህ ብዙ ታላላቆቿ ይቀኑባታል።

የሲዳማ ሕዝብ ግን ከከተማዋ በፊትም እዚሁ ነበረ። የዘመን መለወጫው ፊቼ ጨምበላላ የሚውልበትን ቀን አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ፤ ሕዝቡም ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ላይ ይሰበሰባል። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም፣ ውጭ እንዳይለቅ ሆኖ የተሠራው በምክንያት ነው፤ መውጫ ወንዝ ከሌለው ሐይቅ ታጥቦ የሚሄድ ቆሻሻ የለምና። ይህ ጥንቃቄ የፋብሪካ ብቻ መሆን የለበትም። ከሆቴልና ከመኪና እጥበት የሚወርደው ፍሳሽም፣ ጫጩት ዓሣ የሚለቅመው ጠባብ መረብም የሚያርፉት እዚያው ሐይቅ ላይ ነው። ዳር ዳሩን የሚዝናናም፣ ዳር ዳሩን የሚገነባም ይህን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ።